ዕድልዎ በእጥፍ አደገ!

እጅ ከተባለ የእሷ እጅ ነው! የሰፈሩ ሰው «እጀ ወርቅ» ይላታል። ሎተሪ መሸጫው ደጃፍ ላይ የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ፊደሎቿን አይቶ ሳያነብ የሚያልፍ የለም።

ያን ቀን ጠዋት አለቃዋ የነገሯትን በቀይና በነጭ ጠመኔ አሳምራ ጻፈችው፦ «ዕድልዎ በእጥፍ አደገ! ዕጣው ዛሬ በአሥር ሰዓት ይወጣል!»

ስምንት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ እየሮጠ መጣ። ልቧ እንደ ልማዷ ዘለለች። ከስድስት ወር በፊት የተቀደደ ኪስ ልታሰፋ ሄዳ፣ ኪሷን ሰፍቶ ልቧን ተርትሮ ነበር የሰደዳት። እናቷ ግን «በሰው በረንዳ ለሚሰፋ ልጅ አልሰጥም፤ የራሱን ሱቅ ይክፈትና ይምጣ» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እንቅልፍ የላቸውም።

«ሱቁን አገኘሁት!» አላት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«የት?»

«እዚሁ!» ሰሌዳውን አሳያት። «የስፌት መኪናዬን ሸጥኩት። ገዢው አሁን መጥቶ ይወስደዋል። በገንዘቡ በሙሉ ትኬት ነው የምገዛው!»

«አብደሃል እንዴ?»

«ምን አበድኩ! በእጥፍ አደገ ይላል እኮ። በዚያ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» አቀረቀረ። «የአንቺን ጽሑፍ ካላመንኩ የማንን ልመን?»

ክው አለች። አፏን ከፍታ ሳትዘጋው እሱ ወደ ማዶ ተመልሶ በረረ።

ወደ ውስጥ ገባች። «ጋሼ፣ በእጥፍ ሲባል ከስንት ወደ ስንት ነው?»

አለቃዋ ቀና እንኳ አላሉም። «ከሁለት መቶ ሺህ ትኬት አንዱ ነበር የሚያሸንፈው፤ አሁን ሁለት አደረግነው። ምነው፣ ውሸት ጻፍሽ?»

«ውሸትስ አይደለም።»

«በቃ! ሰው ስንቱ እንደሚያሸንፍ እንጂ ስንቱ እንደሚቀር ማንበብ አይወድም።»

ውሸት አለመሆኑ ነው ደሟን ያፈላው! እርጥብ ጨርቅ አንስታ ወጣች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገችና ዓይኗን ሳታሽ ጻፈች፦ «ከ200,000 ትኬት 2ቱ ያሸንፋሉ። 199,998ቱ ባዶ ናቸው።» ፊደሎቹ እንደ ጠዋቶቹ ያማሩ ነበሩ።

ሰልፍ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደጋግመው አነበቡት። «ኧረ ጉድ! ትናንትም እንዲህ ነበር?»

«ትናንትማ ይብስ ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው ገንዘባቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ከኋላቸው የነበሩትም ተከተሏቸው።

«አንቺ ልጅ!» አለቃዋ ከውስጥ ጮኹ። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!»

የሚሰማቸው ማን አለ? መንገዱን አቋርጣለች። በረንዳው ላይ ገዢው መኪናውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል።

«አስቀምጠው!» ብላ ገዢውን አስቁማ ልብስ ሰፊውን ክንዱን ይዛ አዞረችው። «ያን ሰሌዳ አንብብ።»

ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠዋት እኮ በእጥፍ...»

«ጠዋትም ቁጥሩ ይኸው ነው። የተለወጠው አባባሉ ነው። ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።»

«ታዲያ አንቺን በምን ላግኝሽ?» ድምፁ ተሰበረ።

«እኔን በዕጣ ነው እንዴ የምታገኘኝ? እኔ እኮ ድሮ ወጥቼልሃለሁ፣ አንተ ሞኝ!»

ተያዩ። እሱ ቀላ፤ እሷም ያለችው ገና አሁን ገብቷት ቀላች። ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ልውሰደው ወይስ ልሂድ?»

«አይሸጥም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ገዢው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

ሲመሻሽ ሁለቱም የእናቷ በራፍ ላይ ቆሙ። የሆነውን ሁሉ፣ ከሥራ መባረሯንም ሳይቀር፣ ሳትደብቅ ተናገረች። እናትየው ልጁን ከላይ እስከ ታች ገመገሙት።

«ሱቁስ?»

«የለኝም፣ እማማ። የስፌት መኪናዬ ግን አለ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ሁሉ ያደረግሽው ለእሱ አዝነሽ ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ። ለራሴ ብዬ ነው። ያለ እሱ መኖር አልችልም።»

እናትየው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«በሉ ግቡ፤ ጎረቤት አታስቁብኝ።»