ከኋላ የሚቀመጠው ሻጭ

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። እዚህ ቻናል ላይ ድመት ባለፈች ቁጥር «ሰይጣን አየሁ» የምትሉ ሰዎች የእኔን ስታነቡ «ፈጠራ ነው» ትላላችሁ። በሉ። እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ቦታው መተማ ዮሐንስ ነው። ወሩ ሚያዝያ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የሚፈራ የደጋ ሰው ነው። እኛ ቆለኞቹ የምንፈራው ቀትሩን ነው... በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

አየሁሽ እባላለሁ። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደረበ ደግሞ አሮጌ የአሜሪካ ሞተር እያፈላለገ፣ ፎቶ እያነሳ፣ «ቪንቴጅ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፍ ነበር።

የሚደውሉለት የአዲስ አበባና የጎንደር ሀብታም ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የቆዳ ጃኬት ይገዛሉ። ከዚያ ለጃኬቱ የሚሆን ሞተር ይፈልጋሉ። ዝገት ሲያዩ «ኦሪጅናል ነው» ይላሉ። እኔ ዝገት ሳይ ዝገት ነው የማየው።

«እታለም፣ የቻይና ሞተር ዓይንሽን አበላሽቶታል» ይለኛል ደረበ።

«አንተን ደግሞ ጭንቅላትህን» እለዋለሁ።

እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደፈለግሁ እሰድበዋለሁ። ሌላ ሰው ሲሰድበው ግን አልወድም።

ያን ቀን ወደ ሐጂ ኸሊፋ ግቢ ይዞኝ ሄደ። ሐጂ ድንበር ላይ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ ከወዲያ የሚሻገረው ዕቃ አብዛኛው በእሳቸው ግቢ ያልፋል።

ሸራውን ገለጡት።

ደረበ ትንፋሹ ቆመ። እኔ ሳቄ መጣ።

በሬ የሚያህል ቀይ ሞተር። መሪውን አንዱ ሥራ ፈት ወደ ላይ አስረዝሞ አሠርቶታል። ሁለት የቆዳ መቀመጫ አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱም በሞላ ላይ የቆሙ።

«በዕድሜ ከአባታችን ይበልጣል እኮ እታለም!»

«እንግዲያውስ ጡረታ ያውጡት።»

የኋላው መቀመጫ ሞላ ግን ተጨፍልቋል። ልክ ሰው እንደተቀመጠበት። ሞላው ሞቷል ብዬ አለፍሁት። በሥራዬ የሞተ ሞላ ብርቄ አይደለም።

የፊቱን መቀመጫ ነካሁት፤ እጄን ፈጀኝ።

የኋላውን ነካሁት...

ቀዝቃዛ። እንደ ውሃ እንስራ።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ የከተማ ሰው ይህን አያውቅም። እኛ አገር ገዢ ሞተር ሲሞክር ሻጩ ከኋላው ይቀመጣል። ድንበሩ እዚሁ ነው፤ «ሞክሬ ልምጣ» ብሎ የተሻገረ አይመለስም። ስለዚህ ሻጩ የገዢውን ወገብ ይዞ አብሮ ይሄዳል። ገዢው ከወደደው እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ እጅ ይማታሉ፣ ሻጩ ይወርዳል። ካልወደደው ገዢው ይወርዳል፣ ሻጩ ሞተሩ ላይ ይቀራል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ደረበ ሞተሩ ላይ ወጣና አስነሳው። «ሐጂ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

ሐጂ ወደ ኋላ ሸሹ። «ወላሂ እኔ አልቀመጥም።»

«ለምን?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሻጩ እኔ አይደለሁማ። ባለቤቱ ተቀምጧል... ከወዲያ ሲመጣም ተቀምጦ ነው የመጣ።»

ሳቅሁባቸው። የሞተ ሞላ ለመሸጥ ሙት የሚፈጥር ነጋዴ አልሁ በልቤ። ደረበም ሳቀ። ጋዙን ሰጠውና ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ሄደ።

ብቻውን ነው የሄደው። በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የኋላው ጎማ ሁለት ሰው እንደጫነ ተጨፈለቀ።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሞተሩን አላጠፋም። አልዞረምም።

«እታለም...» አለ በሹክሹክታ። «ሐጂ ናቸው ከኋላዬ?»

«ሐጂ እዚህ አጠገቤ ናቸው።»

«እሽ... ማን ነው የያዘኝ?»

ሸሚዙን አየሁት። ወገቡ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ጨርቁ ተጨምድዶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ነፋስ የለም። ጨርቁ ግን አልተለቀቀም።

«ውረድና ሂድ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ከወረድህ ይለቅሃል። የሞከሩት ሁሉ እንዲያ ነው ያደረጉ። ኸላስ፣ ውረድ!»

«ደረበ፣ ውረድ!» ጮህሁ።

የእናቴ ልጅ ቂል ነው። የነዳጅ ታንከሩን ዳበሰው። እንዲህ ያለ ሞተር ድጋሚ አላገኝም ብሎ እንዳሰበ ከፊቱ ገባኝ።

«ወስጀዋለሁ» አለ። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

ጷ!

የእጅ መማታት ድምፅ ግቢው ውስጥ ተሰማ። የደረበ እጅ አየር ላይ ነበር። ሞላው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሸሚዙ ተለቀቀ።

ሐጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ደስታ ይሁን ሐዘን አላወቅሁም።

ደረበ ግን በማግሥቱ ሞተሩን አጥቦ፣ ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። «ብርቅዬ። ባለቤትነቱ የተረጋገጠ» ብሎ ጻፈበት። አፈርሁበት።

ጀምበሩ የሚባል ገዢ ከጎንደር መጣ። በዚያ ሙቀት ጓንት አድርጓል። ሞተሩ ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶ ሲያነሳ፣ ደግሞ ሲያነሳ፣ ቀትር ሆነ።

ደረበን ወደ ጥግ ወሰድሁት። «ከኋላ እንዳትቀመጥ።»

«ሻጭ ካልተቀመጠ የሌባ ሞተር ነው ይሉኛል።»

«ይበሉህ!»

«እታለም፣ እሱ ሰውዬ ወርዷል። እጅ ተማትተናል። አለቀ።» ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።

ሲሄዱ ሁለት ነበሩ። ደረበ የጀምበሩን ወገብ ይዞ፣ ዞር ብሎ ሳቀልኝ።

ሲመለሱ...

ጀምበሩ ብቻውን ነበር።

ጓንቱን እያወለቀ ተነጫነጨ። «ወንድምሽን ንገሪው፣ ወገቤን አደቀቀኝ። ሰው እንዲህ አጥብቆ ይይዛል?»

ወደ ሞተሩ ቀረብሁ። «መቼ... መቼ ለቀቀህ?»

«የት ለቀቀኝ? ይኸው አሁንም...»

ዞሮ አየ። መቀመጫው ባዶ ነው። ሞላው ተጨፍልቋል።

ከፊቱ ተንበረከክሁ። እኔ! ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቅ ሴት፣ ለዚያ ጓንታም። «እጅህን ዘርጋለት። ግዛው። በእናትህ፣ እጁን ምታውና ይውረድ!»

«አልወደድሁትም» አለ በሹክሹክታ። ዘሎ ወረደ። ሮጠ። ጓንቱን እንኳ አላነሳም።

ከዚያ ወዲያ ደረበን ያየ የለም። አስፋልቱን እስከ ገንዳ ውሃ በእግሬ ፈለግሁ። ፖሊስ «ወደ ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል» አለኝ። ጎረቤቶቼም እንደዚያ ማሰብ ይቀላቸዋል።

ሌሎች ገዢዎች መጡ። ፂማቸውን ያሳደጉ፣ ክንዳቸውን የተነቀሱ፣ «እኛ ሞት አንፈራም» የሚሉ። ወገባቸው ሲያዝ የሚጮሁትን ብትሰሙ! ሁሉም ወርደው ሸሹ። እጁን የዘረጋለት አንድም የለም።

እንግዲህ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ሞተሩ እኔ ግቢ ነው። ይነሳል፤ ይሄዳል። ምንም አልደበቅሁም። እዚህ ቻናል ላይ በየቀኑ «ደፋር ነኝ» የምትሉ ወንዶች፣ ከእናንተ አንዱ ይምጣ። የሚገዛው ሰው በኋላ በደረበ ቦታ ከኋላ እንደሚቀር አውቃለሁ። ክፉ ነሽ በሉኝ። ለእናንተ አላዝንም። እኔ የማዝንለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንች ለምን አትገዢውም?» የሚል ብልጥ አይጠፋም።

ትናንት ቀትር ላይ ሞክሬዋለሁ።

ፊት ወጣሁ። አስነሳሁት። አስፋልቱ ባዶ ነበር። ትንሽ እንደሄድሁ ሁለት እጆች ወገቤን ያዙኝ።

አላደቀቁኝም። ልጅ ሳለ አዝዬው ስሄድ እንደሚይዘኝ ነው የያዙኝ።

አቆምሁ። እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። «ወስጀዋለሁ» አልሁ። «ምታ።»

እጄን የመታኝ የለም።

«ደረበ... ምታኝና ውረድ።»

እጆቹ ወገቤን አልለቀቁም።

እጄን ዘርግቼ ቆየሁ፤ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ሰደብሁት። ለመንሁት። ቂሉ ወንድሜ ወርዶ እኔን እዚያ መቀመጫ ላይ ሊተወኝ አልፈለገም።

እጄን ሳወርድ... አንድ ግንባር ቀስ ብሎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በላብ ርሶ ነበር።