ያልከፋው አዲስ ሰው

ሐሰተኛውን ማለፊያ ወረቀት በንድፍ ሠሪው ካፖርት ኪስ ከተተና ከልብስ መስቀያው ክፍል ወጣ።

ንድፍ ሠሪ ከግቢው መውጣት አይፈቀድለትም። ይህኛው ዛሬ በዋናው በር ካለፈ የፋብሪካውን የጦር መሣሪያ ምስጢር በጭንቅላቱ ይዞ ያመልጣል። ከተያዘ ገመድ ነው።

«ሊፍት ጠጋኙ! እትዬ ትፈልግሃለች።»

ሊፍት ጠጋኝ መስሎ የገባው ቁራ ዞር አለ። «ቁራ» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጣለት በስለላው «አጎቴ» ተብሎ የሚጠራው አለቃው ነው፤ «የቁራ መልእክተኛ ሆነህ እንዳትቀር» እያለ ይቀልድበታል።

እትዬ ከውጭ የሚመጡ ሠራተኞችን የምታላምድ ሴት ናት። ሻይ ቀዳችለት። የዋናው በር ሁለት ጠባቂዎች ተከትለውት ገብተው ከጀርባው ቆሙ።

«ሰው አገር ስትሠራ የመጀመሪያህ ነው አላልከኝም?»

«የመጀመሪያዬ ነው፣ እትዬ።»

«አዲስ ሰው መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያስደስተዋል። ቆይቶ ይከፋዋል። ምግቡ አይጥመውም፣ ከጎረቤት ይጣላል፣ እናቱን እያነሳ ያለቅሳል። አንተን ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶህ አላየሁም።»

እውነቷን ነው። ለቅሶውን ሌላ አገር ጨርሶት ነው የመጣው። ሰው ካገሩ ወጥቶ ካገሩ እስኪገባ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ መሆኑን እዚያ ሲሠራ ለምዶታል። ስም መቀየር፣ ፊት መቀየር አስተምረውታል፤ መከፋትን ግን ያስተማረው የለም።

«ደግሞ ስልክ ተደውሎልኛል» አለች። «በፊት የት እንደነበርክም ነግረውኛል።»

ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አጎቴ።

በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ዋናው በር ላይ ማንም የለም። ንድፍ ሠሪው ካፖርቱን ለብሶ ወደዚያው እያዘገመ ነው።

ገባው። አጎቴ በወረቀቱ አልተማመነም፤ ጠባቂዎቹን ከበሩ ያስለቀቀው ቁራን ራሱን ሸጦ ነው። ይህ የመጨረሻህ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሚስትና ልጅህ ጋ ትገባለህ ብሎት አልነበር? ስለ ንድፍ ሠሪው አንድ ቃል ቢተነፍስ ራሱን ያድናል።

ግን ያ ምስኪን ምን አጠፋ?

«ዋሽቻለሁ!» አለ ጮክ ብሎ። «እዚያ አለቃዬን ደብድቤ ታስሬ ነበር። ብነግርዎ ይቀጥሩኝ ነበር?»

ካፖርቱ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ለመነ፣ ማለ፣ ተገዘተ።

«ይሄን ቀጣፊ ዛሬውኑ ካገር አስወጡልኝ!» አለች እትዬ ጠባቂዎቹን።

በማግስቱ የንድፍ ሠሪው ወንበር ባዶ መሆኑ ሲታይ ቁራ ድንበር ተሻግሮ ነበር። ያኔ ሁሉም ተገለጠላቸው፤ ፎቶውም በየአገሩ ተበተነ።

«ቤትህ ድርሽ እንዳትል» ብሎ አጎቴ ላከበት። «ተከትለውህ ይመጡና ቤተሰብህን ታስጨርሳለህ።»

ሄደ። አንዴ አይቶ ለመመለስ ብቻ።

በሩን የከፈተችው ልጁ ናት። ቁመቷ ትከሻው ደርሷል።

«ማንን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?»

ከውስጥ የሚስቱ ድምፅ «ማነው?» ሲል ተሰማ።

«ቤት ተሳስቼ ነው፣ የኔ ልጅ» አለና ደረጃውን ወረደ።