ጉንፋን ነው፣ ያልፋል

በእኛ አገር ሰው ታመመ የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሲወድቅ ነው። በእግሩ የቆመ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ቢያስልም፣ ቢያተኩሰውም፣ ደረቱ ሲር ሲር ቢልም ጤነኛ ነው። "ለጉንፋን ደግሞ!" ብለን እናልፈዋለን። ይህ ጉብዝና መስሎን ስንት ሰው እንደቀበርን ግን ቆጥረን አናውቅም።

የትናየት የሰቆጣ ልጅ ናት። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ እርሷ ከአማቷ ከወይዘሮ አመተ ሥላሴና ከአንድ ዓመት ልጇ ከባንቺ ጋር ትኖር ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከግቢያቸው አንዱን ክፍል ሶንሂ የምትባል ኮሪያዊት ተከራየችው። በገጠሩ የውሃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍሩት ባለሙያዎች አንዷ ናት።

በኅዳር ብርድ ሶንሂ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ሥራ ቀረች። አፍና አፍንጫዋን በነጭ ጭንብል ሸፍና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መርፌም ውጉኝ አለች። የጤና መኮንኑ ዓለምነህ "ይህ መርፌ አይፈልግም፤ ትኩስ ነገር ጠጥተሽ ተኚ" ብሎ መለሳት። ተኮሳትራ መጣች። "እኔ አገር ሰው ትንሽ ሲያመው ሐኪም ያያል፣ መርፌም ይወጋል" አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

"ለዚች ለጉንፋን?" አለች የትናየት ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

"ትንሽ መሆኑን እኔ ምን አውቃለሁ? ስለዚህ እጠይቃለሁ።"

የትናየት ይህን ወሬ ለማን ትተወው! ውሃ ቦኖው ዳር አነጣጠሷን ሳይቀር አስመስላ ስትነግራቸው ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ።

በሳምንቱ ባንቺ ማሳል ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ሰውነቷ ጋለ። በሦስተኛው ቀን ጡት ስትሰጣት ፊቷን አዞረች። የትናየት ጤና ጣቢያ ልትወስዳት አሰበች። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ግን በቦኖው በኩል ነው የሚታለፈው። "በፈረንጇ ስቀሽ አንቺም ለሳል?" ሲሏት ገና ሳትሄድ ተሰማት። ልጅ ታቅፎ ከሰው ሳቅ መደበቅ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው! ግን አደረገችው።

"እምዬ፣ ሐኪም ቢያያትስ?" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

"ለጉንፋን ምን ሐኪም ያስፈልጋታል? እንጥሏ ወርዶ ነው" አሉ አመተ ሥላሴ። "ይህን ደግሞ ሐኪም አያውቀውም። አያ ቅጣው መጥተው ይቁረጡላት፤ ይለቃታል።"

የአማት ቃል ነውና የትናየት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ አያ ቅጣውን መጠበቅ ጀመረች።

አያ ቅጣው አልዘገዩም። እንጥል በመቁረጥ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የተቆለመመ ቢላዋ አወጡና "አንዳችሁ ራሷን፣ አንዳችሁ እግሯን ያዙልኝ" አሉ።

የትናየት ልጇን ለማስተኛት የታቀፈችበትን ጋቢ ስትገልጥ ደረቷን አየች። ሕፃኗ አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የትናየት ልጇን መልሳ ወደ ደረቷ ሳበቻት።

"አትቆረጥም!" አለች።

"ምን አልሽ?" አሉ አማቷ።

"ጉሮሮዋ አይደለም፣ ትንፋሿ ነው! እምዬ፣ ደረቷን ይዩልኝ!"

መልስ አልጠበቀችም። ልጇን አዝላ ወጣች። ቦኖውን ስታልፍ ማን እንዳያት፣ ማን ምን እንዳለ አታውቅም። አመተ ሥላሴም ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላዋ ተከተሉ።

ዓለምነህ የሕፃኗን ልብስ ገለጠና ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ ትንፋሿን መቁጠር ጀመረ። ያች አንዲት ደቂቃ አላልቅ አለች።

"ስልሳ አራት" አለ። "የሳንባ ምች ነው። መርፌው አሁኑኑ ይጀመራል፤ እዚሁ ትተኛለች።"

"ትተርፍልኛለች?"

"እንሞክራለን። ነገ ብትመጪ ግን ይህንንም አልልሽም ነበር።"

አመተ ሥላሴ ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል። "እንጥሏ ቢቆረጥ ኖሮስ?" አሉ።

"እናቴ፣ እንጥል የሰውነት ክፍል እንጂ በሽታ አይደለም። በዚህ ትንፋሽ ላይ ቁስል ሲጨመርባት አስቡት። ደህናውም ልጅ ቢሆን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል።"

አሮጊቷ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። "ዓለምብርሃን ደሙ እስኪመሽ አልቆመም" አሉ። "የበኩር ልጄ ነው። ዓይን በላው ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።"

የትናየት ባሏ ወንድም እንደነበረው ያን ቀን ገና ሰማች።

ባንቺ በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘች። የትናየት አለቀሰች፤ ይህን ጊዜ ማን አየኝ አላለችም።

እናንተ ወላጆች፣ ባነጠሳችሁ ቁጥር መርፌ ለምኑ አልላችሁም፤ ሶንሂም ብትሆን ያለ መርፌ ነው የዳነችው። ነገር ግን የልጅ ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ደረቱ ሲሰረጉድ፣ ጡት እምቢ ሲል፣ "ያልፋል" ብሎ መቀመጥ ጉብዝና አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጉሮሮውንም ለቢላዋ መስጠት ሕክምና አይደለም።

አመተ ሥላሴ ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ አያ ቅጣው ቤት ሄዱ። ደጁ ላይ አንዲት ወጣት እናት የሚያለቅስ ልጅ ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች።

"ቅጣው፣ ዓለምብርሃንን ታስታውሰዋለህ?" አሉ አመተ ሥላሴ።

"እኔ ስንቱን ልጅ ያዳንኩ ሰው ነኝ!" አሉ ሽማግሌው።

"የኔን አላዳንከውም። ግን አንተን ብቻ አልከስም። ራሱን ጥብቅ አድርጌ የያዝኩልህ እኔ ነኝ።"

ቅጣው የያዙትን ቢላዋ በጨርቁ መጥረግ ጀመሩ። አመተ ሥላሴ ወደ ወጣቷ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

"ተነሽ ልጄ፣ ጤና ጣቢያ እኔ እወስድሻለሁ።"

ወጣቷ ቢላዋውን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ልጇን አጥብቃ ታቅፋ ተነሣች።