ናርዳና ድምፅ ቀማኛው

በዘርማት መንግሥት ሰማይ ላይ ጥቁር ቀስተ ደመና በታየ በሦስተኛው ቀን፣ ድምፅ ቀማኛው አውሬ ጉርማኝ ከስድስት ዓመት እንቅልፉ ነቃ። ክንፉን ዘርግቶ አራት መንደሮችን በእሳት አጋየ፤ ከእሳቱ ያመለጡትንም ድምፃቸውን ነጥቆ ወደ ዋሻው ተመለሰ። ከአመዱ መካከል የተገኘችው የአራት ዓመቷ ኢልማ ትንፍሽ ሳትል በፈረስ ተጭና ወደ መጠጊያ ቤት መጣች።

መጠጊያ ቤት እመት ዳምሪት ወላጅ አልባ ልጆችን የሚያሳድጉበት ሰፊ የድንጋይ ግቢ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ናርዳም ከስድስት ዓመት በፊት የገባችበት እንዲሁ ከጉርማኝ እሳት፣ ድምፅዋ ሳይነጠቅ ተርፋ ነው። ያን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቃ ስትኖር፣ እመት ዳምሪት አንድም ቀን ጎትተው አላወጧትም። ምግቧን ይዘው ወለሉ ላይ ይቀመጡና እስክትወጣ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቋት ነበር።

አሁን አልጋው ሥር ኢልማ ገባች። እመት ዳምሪትም ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ናርዳ በሩ ላይ ቆማ አየች። ያ ትዕግሥት የእሷ ብቻ መስሏት ነበር። በማግስቱ እመት ዳምሪት ገንፎውን እፍ እያሉ ሕፃኗን ሲያጎርሱ፣ ናርዳ የራሷን ሳህን ገፍታ ተነሳች።

«ምነው ልጄ፣ አትበዪም?»

«ጠግቤያለሁ» አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

የአገሩ ጠቢብ መጥቶ ሕፃኗን መረመረና፣ «ድምፅዋ ካልተመለሰ እንደ ጤዛ ትረግፋለች። ዋሻውም የሚከፈተው የጉርማኝ እሳት ለነካው ሰው ብቻ ነው» ሲል ተናገረ።

ናርዳ ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። «በእናቴ አመድ እምላለሁ! ድምፅዋን ሳልይዝ አልመለስም!»

ግቢው በሙሉ ጀግንነቷን አደነቀ። በልቧ ያለውን ግን ማንም አላወቀም፤ ሕፃኗ ከዳነች የእመት ዳምሪት እቅፍ ባዶ ይሆናል፣ የእሷም ተራ ይመለሳል። እመት ዳምሪት ሲያለቅሱ አየች፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

አብረዋት የዘመቱት የግቢው በረኛ አባ ቦርጋን ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸውን በጦር ሜዳ ያጡ ሽማግሌ። የጨው በረሃውን ሲያቋርጡ፣ «ትንሿን ትጠያታለሽ፣ አይደል?» አሏት።

«እንዴት አወቁ አባ?»

«ስሟን ጠርተሽ አታውቂም።»

በሰባተኛው ቀን ዋሻው ተከፈተላቸው። ጉርማኝ አፉን ከፍቶ ሲወረወር፣ አባ ቦርጋን ጦራቸውን በመንጋጋው መካከል ቀርቅረው በትከሻቸው ደገፉት። «ግቢ! እኔ ቆሜ ሳለሁ ይህ አፍ አይገጥምም!»

ናርዳ ወደ ጉሮሮው ዘለቀች። የተነጠቁት ድምፆች እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ያበራሉ። የኢልማን ለየችው፤ ትንሽዬ ሳቅ ነበር። እጇን ስትዘረጋ ግን አውሬው አጉረመረመ።

«አንዱን ሳይተካ አንዱን የሚወስድ የለም። ይልቅ ባዶ እጅሽን ተመለሺና አላገኘሁትም በይ። እቅፉ ያንቺ ይሆናል።»

እጇ ባለበት ቆመ። ለረጅም ጊዜ አመነታች። ከዚያ የአልጋው ሥር ጨለማ ታወሳት፤ እዚያ ብቻን መሆን ምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

የቀራት ሀብት አንድ ነው፤ እናቷ ስሟን ስትጠራ የሰማችውና በልቧ ያኖረችው ድምፅ። «እንካ!» አለች። «ቀምተኸኝ አይደለም፤ ሰጥቼህ ነው።»

ዕድሜውን በመቀማት የኖረው አውሬ ስጦታን መዋጥ አልቻለም። ጉሮሮው ተሰነጠቀ፤ ድምፆቹም እንደ ወፍ መንጋ ተነስተው ወደየባለቤቶቻቸው በረሩ። የተቀማው ሁሉ ተመለሰ፤ የተሰጠው ግን አልተመለሰም። ናርዳ ከአውሬው ጉሮሮ ወጥታ ከአባ ቦርጋን ጋር ስትመለስ፣ በመንገድ ላይ እናቷን ለማስታወስ ሞከረች። ፊቷ መጣላት፤ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልተሰማትም።

ግቢው በእልልታ ተቀበላቸው። ኢልማ እመት ዳምሪት ጉልበት ላይ ተቀምጣ «እማዬ! እማዬ!» ትላለች። ቅናቱ ናርዳን እንደገና ነደፋት። ለዚያች ቃል ምን እንደከፈለች ለማንም አልተናገረችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሴትየዋን «እርስዎ» ስትል ኖራለች፤ አንድም ቀን እቅፍ ለምና አታውቅም። ቀረበች።

«እማዬ» አለች፤ «እኔንም እቀፊኝ።»

እመት ዳምሪት ኢልማን ወደ አንድ ጉልበታቸው ፈቀቅ አደረጓት።