ሐኪም ሰባት ቤት አይቆጥርም

ቀየት መንደር ሰው ሁሉ «ምች ነው» አለ። ጥሩሸዋ የኤችአይቪ መድኃኒት በጀመረች በሳምንታት ውስጥ ገላዋን ሽፍታ ወረሰው፤ ትኩሳቱም ጣላት። ጎረቤቶቿ ዳማከሴ ቀጥፈው በበር አቀበሏትና ሄዱ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ ቤቷ የሚዘልቅ አልነበረም፤ አጎቷ አቶ መርስዔ ኃዘን እንኳ እግራቸውን ሰብስበዋል። ዳማከሴውንም ኪኒኑንም አብራ ስትወስድ ሰንብታ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት የደረሰችው ለሞት ጥቂት ሲቀራት ነው።

እዚያ ተገኘን አገኘችው። ሰው እንዳያየው ከመርሐቤቴ ድረስ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው ሽፍታ።

«አንቺንም ምች ነው አሉሽ?»

«አንተንስ?»

«እኔንማ ቡዳ ነው ብለው አጠኑኝ እንጂ!»

ሳቀች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መድኃኒቱ ተቀይሮላቸው እስኪያገግሙ አብረው ፀሐይ ሞቁ። ከሱ ጋር ሲሆን ዝምታው እንኳ አይከብዳትም ነበር። ወደደችው፤ ምን ትደብቃለች።

በሚወጡበት ቀን ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ መከራቸው።

«ያንን መድኃኒት ዳግመኛ እንዳትቀምሱት፤ ይገድላችኋል። መድኃኒቱን የማያስማማችሁ፣ ከወላጅ የወረሳችሁት ነገር ደማችሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። አስቀድመው ደም መርምረው የሚለዩ አገሮች አሉ፤ እኛ ጋ ገና ነው።»

ደጅ ሲወጡ ተገኘ እጇን ያዘ። «ሽማግሌ ልላክ?»

ጥሩሸዋ እጇን መነጨቀች። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ከአንድ ቤት ካልወጣን አንድ ነገር እንዴት ወረስን? አለች በልቧ።

«ደኅና ሁን፣ ወንድሜ» ብላው መኪና ተሳፈረች።

ክረምቱ ጉሙን ይዞ ገባ። ናፈቃት። ማታ ኪኒኗን ስትውጥ «እሱም አሁን ይውጣል» እያለች ራሷን ታጽናናለች። የገብስ ቆሎ ለሁለት ሰው ትቆላና ድርሻውን ለብቻ ታስቀምጣለች፤ ኋላ በራሷ ተናዳ ትበላዋለች።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ደጇ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች። ተገኘ ነው። ከኋላው አቶ መርስዔ ኃዘን አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ወንድሜ ያልሽኝ ነገር እስኪገባኝ ክረምቱ አለፈ» አላት። «ሐኪሙን ጠየቅሁት። የማይዛመድ ሰውም ይኖረዋል አለኝ።»

«ሐኪም ሰባት ቤት አይቆጥርም።»

«ለዚህ አይደል የሚቆጥሩትን አፈላልጌ ይዤ የመጣሁ!»

አጎቷ የበሩ ደፍ ላይ ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። የሷን አያት ቅድመ አያት እሳቸው፣ የሱን ተገኘ እየጠሩ በትውልድ ወደ ላይ ወጡ። በያንዳንዱ ስም ጥሩሸዋ አንድ ጣት ታጥፋለች።

«ፈንታ» አሉ አጎቷ።

«የኔም ቅድመ አያት ፈንታ ናቸው» አለ ተገኘ ቀስ ብሎ።

ጥሩሸዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«የት ተቀበሩ?» አሉ አጎቷ።

«መርሐቤቴ።»

«የኛው ፈንታ ያረፉት ጊሼ ነው፤ ሌላ ሰው ናቸው። ቀጥል፣ ልጄ።»

በእናትም በአባትም ቆጥረው ሲጨርሱ አቶ መርስዔ ኃዘን ቀና አሉ። «አልተገናኛችሁም።»

ጥሩሸዋ አለቀሰች። «ክረምቱን ሙሉ በከንቱ!»

«አሁንስ ማን ልትይኝ ነው?» አለ ተገኘ።

«ተገኘ» አለችው። የዚያን ቀን ለሱ ያስቀመጠችውን ቆሎ አውጥታ መሐላቸው አኖረችው። ለሦስት ሰው አልበቃም። በዚያ ቤት ሰው በዝቶ ቆሎ ካነሰ ስንት ጊዜው ነበር።