ዓባይ የወሰደው ልጅ

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቆርቆሮዋ በዛገ አንዲት ቤት ውስጥ ሰብለና እናቷ አቻምየለሽ ይኖሩ ነበር። እናት የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ልጅ ወፍጮ ቤት እህል እየመዘነች ታስታምማለች። ታናሽ ወንድሟ ያረጋል ግን፣ ከአባቱ የደረሰችው ቁራሽ መሬት አላኖር ብትለው፣ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገብቷል። ካርቱም አጠገብ፣ ዓባይ ዳር፣ በሞተር ውኃ እየሳበ የሰው ሽንኩርት ያጠጣል። «እማ፣ እኛ አገር ገደል ለገደል ሲሮጥ የምናየው ውኃ እኮ እዚህ አገር ያበላል! ከዚህም አልፎ ግብፅን ያጠግባል» ይላታል በስልክ። «አንተም እንደሱ ወርደህ ቀረሃ!» ትለዋለች እናቱ፣ ሳቅም ለቅሶም በተቀላቀለበት ድምፅ።

ከዚያ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። ስልኩ ጠፋ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ይታገሱ የሚባል የያረጋል አብሮ አደግ ከስቶ፣ ጠቁሮ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰብለን ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«አብረን ነበርን» አላት። «ተኩሱ ሲበረታ ወደ ማዶ ልንሻገር ጀልባ ላይ ወጣን። ሰው በዛ። ነሐሴ ነው፤ ውኃው ሞልቷል። ተገለበጠ... እኔ የጀልባውን ስባሪ ያዝሁ። እሱ ግን...»

«አስከሬኑስ?»

«ውኃው ወሰደው፣ ሰብልዬ።»

ወይኔ! እንዲህ ያለውን መርዶ ለማን ይነግሩታል? እናቷን የሚያክማት የፍኖተ ሰላም ሐኪም «ድንጋጤ እንዳይነካት፤ አትተርፍም» ብሎ አስጠንቅቋታል። ሰብለ ይታገሱን በማርያም ስም ለምና ዝም አሰኘችው። እሷም ማልቀሻ ስታጣ ወፍጮው ሲያጓራ ጠብቃ ታለቅስ ጀመር፤ ጩኸቷን ጩኸቱ ይውጠዋል፤ ፊቷ ላይ እንባና ዱቄት ይለወሳል። ከዚያ ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቤቷ ትገባለች። እሑድ እሑድ ደግሞ «ያረጋል ደወለ» ትላለች። ገዳሪፍ ሄዷል፤ ሰላም ነው፤ ሰሊጥ ያጭዳል፤ ናፍቃችሁኛል ብሏል... እናት ጋደም ብላ ታዳምጣለች። ሰባት ወር! የሞተ ወንድምን በየሳምንቱ ማናገር እንዴት ያለ ድካም ነው?

ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ሰብለ እንደለመደችው «ዛሬ ያረጋል...» ብላ ስትጀምር እናቷ እጇን ያዘቻት።

«በቃሽ ልጄ። ደከመሽ።»

«ምኑ እማ?»

«ይታገሱ ከሱዳን የተመለሰ ሰሞን ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ‹ልጄ ከስቷል?› አልሁት። ሌላ ምንም አላልሁት። ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ።»

ሰብለ ክው አለች። «ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ለቅሶ ከተቀመጥሁ እንደማልነሣ አውቃለሁ። ብቻሽን ጥዬሽ እንዳልሄድ ፈርቼ ነው። ደግሞም...» ትንፋሿ አጠራት። «ደግሞ አንቺ ስታወሪ ልጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። እሑድ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር።»

ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። ሁለቱም አንዱን ሐዘን ለየብቻ ተሸክመው፣ አንዷ ለአንዷ ስትል ወገቧ ጎብጦ ኖሯል! አልቅሰው አልቅሰው ሲደክማቸው እናት እንዲህ አለች፦

«መቃብር የለው፤ የት ሄጄ ላልቅስለት? ግሽ ዓባይ ውሰጂኝ። የወሰደው ውኃ እዚያ አይደል የሚነሣ?»

ሰብለ እምቢ ማለት አልሆነላትም። በሚኒባስ፣ ቀጥሎም በበቅሎ፣ በየመንገዱ እያሳረፈች ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላ አደረሰቻት። ከምንጩ ጠበል ዝቅ ብሎ፣ ሰው በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ቀጭን ውኃ ሣሩን ከፍሎ ይወርዳል። ልጇን የዋጠው ይኸ ነው? ይኸ? አቻምየለሽ ዳሩ ላይ ተቀመጠችና ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እንባዋ ውኃው ላይ ይንጠባጠባል። ሰብለ «አሁንስ ትረግመዋለች» ብላ ጠበቀች።

«አልረግምህም» አለች እናት፣ ድምፅዋ ተዳክሞ። «በሱዳንም ልጅ የምታጠጣ እናት አለች፤ በግብፅም አለች። እነሱን አጠጣ። የኔን ብቻ... ካገኘኸው፣ አፈር ላይ አሳርፍልኝ።»

ከግሽ ዓባይ በተመለሱ በዐሥራ አንደኛው ቀን አቻምየለሽ ቤቷ ውስጥ፣ በልጇ ክንድ ላይ አረፈች። ከቀብሩ በኋላ ቄሱ ለአርባው ፍትሐት የሚጠራ የክርስትና ስም ሲጠይቁ ሰብለ የእናቷን ነገረቻቸው። ሄድ ሲሉ ጠራቻቸውና በሟች ወገን አንድም ቀን ያልጠራችውን የወንድሟንም ስም ጨመረች። ቄሱ ሁለቱንም ጻፉ።

አዬ ዕድል! አንዱን በደጁ አፈር ታለብሰዋለህ፤ ሌላውን በሰው አገር ውኃ ታስቀረዋለህ። ለምን? መልሱን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ለእኛ የቀረን ስማቸውን አንድ ላይ መጥራት ነው።