ሁለተኛው ብርጭቆ

«ሁለተኛው ብርጭቆስ?» አሉ ቲቸር መዓዛ።

ዳርቱ አፏን ሳትከፍት የፕሮጀክት ጓደኛዋ ጵርስቅላ ቀደመቻት። «ይቅርታ ቲቸር፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቼው ነው።»

«አቤት እጅሽ! ቀጥሎ ማይክሮስኮፑን ነው!» አለ ግሩም ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ዳርቱ አንገቷን ደፋች። ብርጭቆው አልተሰበረም። በሹራቧ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ፕሮጀክታቸው ቀላል ነው፣ በወረቀት ላይ። ቲቸር መዓዛ ከዩኒቨርሲቲ ያመጡላቸው ጄል ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያብጣል። በአንደኛው ብርጭቆ ያለው ጄል በዓይን የማይታይ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ ተቀላቅሎበታል፤ ብናኙ ያረፈበትን ብርሃን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሁለተኛው ምንም የለበትም። ስለዚህ መብራት ሲበራ መኮማተር ያለበት ባለወርቁ ብቻ ነው።

ትናንት ግን የላቦራቶሪው አምፖል ተቃጥሎ ስለነበር ዳርቱ ከቤት ባመጣችው ብቻዋን ስትሞክር ሁለቱም ተኮማተሩ። ደነገጠች። የከተማው ውድድር ደርሷል፤ ከከተማው ዳር ስለምትመጣ «የካራ ልጅ ሳይንስ ምን ያውቃል» ለሚሏት ማሳየት ትፈልግ ነበር። ሁለተኛው ጄል ተበላሽቶ ፕሮጀክቱን የሚያከሽፍ መስሏት ብርጭቆውን ደበቀችና ዛሬ ጧት ለጵርስቅላ «ጫፍ ላይ ትተሽው ወድቆ ተሰበረ» አለቻት። ጵርስቅላ የዋህ ናት፤ ምንም ሳትጠይቅ አመነቻት።

ከሰዓት ካራ ስትደርስ እናቷ ዲንቄ በር ላይ ጠበቋት። «አንቺ ልጅ፣ አምፖሉን አምጪ እንጂ! ጫጩቶቹ ከትናንት ጀምሮ በብርድ አለቁ እኮ።»

ዳርቱ አምፖሉን ሰክታ አበራችው። ጫጩቶቹ እየተጋፉ ሥሩ ተሰበሰቡ። ወርቅ የለባቸውም፣ ግን ሞቃቸው።

ክው አለች። የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ሥሩ ያገኘውን ሁሉ ያሞቃል! ጄሉ ምንም አልሆነም። ለቲቸር አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ብዙ የማያሞቅ ሌላ አምፖል ፈልገው በሞከሩ ነበር። ጓደኛዋን የክፍል መሳቂያ ያደረገቻት በከንቱ ነው። «በከንቱ ባይሆንስ ኖሮ ልክ ነበርኩ?» ብላ ስታስብ ደግሞ እፍረቱ ባሰባት፤ ፊቷ ነደደ።

ስልኳን አነሳች።

«ጵርስቂ፣ ብርጭቆውን አልሰበርሽውም። እኔ ነኝ ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅሁት።»

«ሲስቁብኝ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዳርቱ መልሳ አልደወለችላትም። እንባዋን በእጇ ጠረገችና የቲቸር መዓዛን ቁጥር ፈለገች።

«ቲቸር፣ ዳርቱ ነኝ። ነገ ጧት፣ ሁሉም ተማሪ ባለበት፣ አምስት ደቂቃ ይሰጡኛል?»